«ውርንጭላ»ን ማን ይውሰዳት?

አንድ ጊዜ፣ አውሬ ሁሉ ያበደለት አንድ ባንድ ነበር፤ ስሙ «ቋጥኝ» ይባላል። የሚጫወቱት ሮክ የሚሉትን ነው፤ ጆሮ የሚሰነጥቀውን፣ ወፍ ከዛፍ የሚያስነሣውን። ዝንጀሮ ጊታር ይመታል፣ ጥንቸል በኋላ እግሯ ከበሮ ትደልቃለች፣ አህያ ደግሞ ትዘፍናለች። አህያ ትዘፍናለች ስላችሁ የምትስቁ ካላችሁ፣ አህያ ከልቧ ስታናፋ ቀርባችሁ ሰምታችሁ አታውቁም ማለት ነው፤ ዝም ብላችሁ አድምጡ።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አንድ አልበም ያወጣሉ። የእነሱ አልበም ካሴትም አይደለም፣ ሲዲም አይደለም። ወንዙ ዳር ያለው ትልቁ ድንጋይ ላይ ወጥተው ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ይጫወቱታል፤ አውሬው በቃሉ ይይዘዋል፤ በቃ፣ ያ ነው አልበም። እስከዚያን ጊዜ ያወጧቸው «ነጎድጓድ»፣ «የእሳት ጅራት»፣ «ውርንጭላ» እና «ተነሥ ተራራው» ይባላሉ። «ውርንጭላ» የወጣችው አህያ ልጅ በወለደችበት ሰሞን ስለሆነ፣ ስሟን ያገኘችው ከልጅቷ ነው።

ከአድናቂዎቹ ሁሉ ከርከሮን የሚያህል አልነበረም። መሬት ሲቆፍርም ሲበላም ዘፈናቸውን ያንጎራጉራል። ከርከሮ አንገቱ እንደማይዞር ታውቃላችሁ፤ የዚህኛው ቃሉም አይዞርም ነበር። አንዴ «ነው» ካለ ነው፣ ዓለም ቢገለበጥ «አይደለም» አይልም። በዚህም ይኮራበት ነበር፣ ምስኪን።

በዚያ አገር አንበሳ ያወጣው ሕግ ነበር። ከወንዙ አብሮ የሚጠጣን አውሬ፣ ጉባኤው ሳይፈቅድ መብላት ክልክል ነው። ጉባኤው የሚቀመጠው ወንዙ ዳር፣ ሾላው ጥላ ሥር ነው። የ«ቋጥኝ» አድናቂዎችም ለወሬ የሚሰበሰቡት እዚያው ሾላ ሥር ነው። ትንሽ እንኳ ጭንቅላት ያለው፣ የቱ ጉባኤ የቱ ወሬ እንደሆነ ይለያል። ጅብ ግን ከሕጉ ወዲህ የሞተ እየለቀመ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር፤ የተሰበሰበ ባየ ቁጥር ፈቃድ የሚሰጥ እየመሰለው ሄዶ ከኋላ ይጋደማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጦጣ ሥራ አጥታ ነገር ጫረች።

«እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከ‹ቋጥኝ› አልበሞች ደካማዋ የትኛዋ ናት?»

እሷ ራሷ መለሰች፦ «እኔ ‹ነጎድጓድ› ናት ባይ ነኝ። ጩኸት ብቻ። የልጅ ሥራ።»

የከርከሮ ጋማ ቆመ። «አፍሽን ያዢ! ‹ነጎድጓድ›ን የነካ እኔን ነካ። ደካማዋማ ‹ውርንጭላ› ናት፤ ክርክርም አያስፈልገው።»

«‹ውርንጭላ›? በስመ አብ! እኔ እኮ በእሷ አልቅሻለሁ።»

«አንቺ ፍሬ ከእጅሽ ሲወድቅም ታለቅሻለሽ።»

«አንተ ደግሞ ካልጮኹብህ የማይሰማህ ደንቆሮ!»

ልብ በሉ፤ አልበሟን «እሷ» ነው የሚሏት። ከወደዷት ብዛት ነው እንዲህ የሚጠሯት፤ ጥፋቱም ከዚህ ጀመረ።

«እኔ ነኝ ደንቆሮ?» አለ ከርከሮ ተነሥቶ። «እሺ፣ ላስረዳሽ። ‹ውርንጭላ› ጉልበት የላትም። ገና ስትነሣ እግሯ ይብረከረካል። መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ለስላሳ ናት፣ በጣም ለስላሳ! አጥንት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም!»

ከኋላ የተጋደመው ጅብ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ቀጥሎ ሁለተኛውን ገለጠ። አጠገቡ ቀበሮ ተቀምጣ ጅራቷን ታበጥር ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ ስለ ማን ነው የሚያወሩት?»

«ስለ ‹ውርንጭላ› ነው፣ አያ ጅቦ።»

«የአህያ?»

ቀበሮ ነገሩ ገባት። አንድ ቃል ብትናገር ጅብ ተመልሶ ይተኛ ነበር። ግን ጅብ ጠግቦ ሲነሣ ጥሎት የሚሄደው አንጀትና ጉበት ትዝ አላት።

«የአህያ ናት እንጂ፣ የሌላ የማን ልትሆን ነው?» አለች።

«ለስላሳ ነው ያለው?»

«በጣም ለስላሳ ነው ያለው።»

«አጥንትም የላትም?»

«ጆሮ አለህ አይደል እንዴ? እንደሰማኸው ነው።» ከዚያ ተነሣችና ድምጿን ጣፋጭ አድርጋ ወደ መሐል ገባች። «ከርከሮ ወንድሜ፣ እንዲህ ከሆነማ አንዱ ተነሥቶ ‹ውርንጭላን ልውሰዳት› ቢል የሚከራከር አለ?»

«ይውሰዳት!» ብሎ ጮኸ ከርከሮ። «ምን ይከራከራል! እኔ ሌሎቹ ይበቁኛል። እንዲያውም እኔ ራሴ ነኝ የማስረክበው!»

አድናቂው ሁሉ ሳቀ። «ይውሰዳት! ይውሰዳት!» ተባለ። ጦጣ እንኳ በእሷ አልቅሻለሁ ስትል ቆይታ፣ መሳቂያ እንዳትሆን ፈርታ «ይውሰዳት» አለች።

ጅብ ሳይሰናበት ሄደ።

አህያ ከድንጋዩ ጀርባ ለምለሙ ላይ ልጇን ይዛ ትግጥ ነበር። ጅብ ሲመጣ አየችና ልጇን በሆዷ ሥር አስገባች።

«እንደምን ዋልሽ፣ እትዬ አህያ» አለ ጅብ፣ በሕይወቱ ሆኖ የማያውቀውን ጨዋ ሆኖ። «ልጅቷን ልወስድ መጥቼ ነው።»

«ወዴት?»

ጅብ ግራ ገብቶት ሆዱን አየ። «ወደዚህ ነዋ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ጉባኤው። ደካማ ናት ተባለ። እግሯ ይብረከረካል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ አጥንት የላትም ተባለ። ሁሉም በአንድ አፍ ይውሰዳት አለ። ከርከሮ ራሱ አስረክባለሁ ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ላደክመው አልፈለግሁም።»

አህያ ዘፋኝ ናት፤ የዘፋኝ ሐሜት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ስለ ምን ሲያወሩ እንደዋሉ ወዲያው ገባት። ፊቷን ግን አላጠቆረችም። ልርገጠው ብላ አሰበች፤ እግሯም ለዚህ ይበቃል። ግን ዛሬ ረግጣው ብታባርረው፣ ነገ ልጅቷ ብቻዋን ስትግጥ «ፈቃድ አለኝ» እያለ ይመጣል። ቃሉ መነሣት ያለበት ከተነገረበት ቦታ ነው።

«መልካም» አለች። «ከርከሮ አስረክባለሁ ካለ ከከርከሮ ትቀበላታለህ። ሰጪው እያለ ሳይሰጡት የወሰደ ሌባ ነው። አንበሳ ሌባን ምን እንደሚያደርገው አልነግርህም።»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስላልለመደበት ወዲያው ደከመው። «እሺ» አለ።

ወደ ሾላው ሄዱ። አህያ ልጇን ከፊት አስቀደመች፣ ጅብን ከኋላ አስከተለች፤ ጠጋ ባለ ቁጥር የኋላ እግሯን ከፍ እያደረገች ታሳየዋለች፤ እሱም ራቅ ይላል።

ሾላው ሥር ሲደርሱ አድናቂዎቹ አሁን ደግሞ በ«የእሳት ጅራት» ሊቧቀሱ ደርሰው ነበር። አህያን ከነልጇ፣ ጅብን ከነምራቁ ሲያዩ ክርክሩን ተዉት።

«ከርከሮ» አለች አህያ። «‹ውርንጭላ› ትወሰድ ብለሃል አሉ። ይኸው፣ አመጣኋት። አስረክብ።»

«እትዬ አህያ… እኔ እኮ… እኔ ያልኩት…» አለ ከርከሮ። ውርንጭላዋ ጠጋ ብላ አየችው።

«አያ ከርከሮ፣ እኔ ደካማ ነኝ እንዴ?»

ጦጣ ከቅርንጫፍ ላይ ተንሾካሾከች፦ «በል እንጂ! ‹ደካማ አይደለችም፣ ተሳስቻለሁ› በልና ገላግለን! ከሁሉ ትበልጣለች በል!»

«እንዴት ተደርጎ!» አለች ቀበሮ። «የከርከሮ ቃል አይታጠፍም ሲባል ነው የምናውቀው። ወይስ የሚታጠፈው ዛሬ ነው?»

አህያ ግን አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች።

«ውሸት እንዳትነግረኝ» አለችው። «ደካማ መሆኗን ከአንተ በፊት እኔ አውቃለሁ። ከወሊድ ሳልጠነክር ነው የዘፈንኳት። ጥንቸልም ከበሮውን ያዘገየችው ሕፃኗን እንዳትቀሰቅስብኝ ብላ ነው። ነቀፋህ አልከፋኝም፤ ጆሮ ስላለህ ነው። የከፋኝ ‹ይውሰዳት› ያልከው ነው። ለማን ነው የሰጠሃት? ከኋላህ የተጋደመውን አይተኸው ነበር?»

ከርከሮ አንገቱ አይዞርምና መላ ሰውነቱን አዞረ። ያን ቀን ጅብን በደንብ ያየው ገና ያኔ ነው፤ የጎድን አጥንቱን፣ የተከፈተ አፉን፣ የተንጠለጠለ ምራቁን። ወደ ውርንጭላዋም ተመለከተ። ከዚያ ሄዶ በሁለቱ መካከል ቆመ።

«ስማ፣ አያ ጅቦ። ከርከሮ ቃሉን አያጥፍም። ‹ውርንጭላ› ደካማ ናት ብያለሁ። አሁንም ደካማ ናት። ነገም ደካማ ናት።»

«ተመስገን» አለ ጅብ።

«ትወሰድ ብያለሁ። አስረክባለሁም ብያለሁ። አሁን አስረክብሃለሁ።»

«ተመስገን!» አለ ጅብ፣ ምራቁን ውጦ።

«‹ውርንጭላ› አልበም ናት። ዘጠኝ ዘፈን አላት። ቁጭ በልና ተረከብ።»

«ምን?»

«ቁጭ በል ነው የምልህ!» ከርከሮ ክራንቻውን ወደ ጅብ ሆድ አቀናው፤ ጅብም ሳያውቀው ቂጡ መሬት ነካ።

«ይቺ ልጅስ?»

«ይቺ የእናቷ ልጅ ናት። ስለ እሷ ማንም ትንፍሽ አላለም። እሷን የፈለገ መጀመሪያ እኔን ይውሰደኝ፤ እኔ ደግሞ አጥንት አለኝ።»

ጅብ ወደ ቀበሮ ዞረ። «እመት ቀበሮ! የአህያ ናት አላልሽኝም?»

«የአህያ ናታ! ዘፋኟ ማን ሆነችና?» አለች ቀበሮ፣ ወደኋላ ወደኋላ እያለች።

«አንቺ ነሽ ለካ!» ብላ ጦጣ የሾላ ፍሬ በጭንቅላቷ ላይ አወረደችባት። ሌሎቹም አፈሩን እያነሡ ተከተሏት። ቀበሮ ያንን ያበጠረችውን ጅራት በእግሮቿ መሐል ቀብራ ጫካ ገባች።

ዝንጀሮና ጥንቸል ተጠሩ። አህያ ድንጋዩ ላይ ወጣች። «ውርንጭላ»ን ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምራ ዘፈነች፤ አላሳመረቻትም፣ ጉድለቷን አልደበቀችላትም። ትንፋሽ ያጠራት ቦታ ላይ ያጥራታል፤ ከበሮው የዘገየበት ቦታ ላይ ይዘገያል። ልጅቷ ከከርከሮ እግር ሥር ቆማ ሰማች። ከርከሮ ዓይኑን ከጅብ ላይ አልነቀለም፤ ከንፈሩ ግን እያንዳንዱን ቃል እየተከተለ ይንቀሳቀስ ነበር። ጅብ የራበው ሆዱ እየጮኸ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ።

ሲያልቅ ጦጣ አላስችል አላት። «እህሳ አያ ጅቦ፣ እንዴት አገኘሃት?»

ጅብ ጆሮውን አከከ። መቼም ጠይቆት የሚያውቅ የለምና ደስ አለው። «እንግዲህ» አለ እየተጀነነ፣ «አራተኛዋ ላይ ከበሮው ይጎተታል። ጉልበትም የላትም። እንደው በጠቅላላው… ደካማ ናት።»

ከከርከሮ አፍ አረፋ ወጣ። «ምን አልክ?»

«አንተ ራስህ ያልከውን ነዋ!»

«እኔ ብል እኔ ነኝ! በእሷ ሌሊት የነቃሁ፣ በእሷ ያዘንኩ እኔ ነኝ! አንተ ልትበላት የመጣኸው ማን ሆነህ ነው ስለ ከበሮዋ የምታወራው?»

ጅብ እግሬ አውጪኝ አለ። በወንዙ ውስጥ፣ በአሸዋው ላይ፣ በእሾሁ መሐል ሮጠ፤ ከርከሮም ክራንቻውን ከጅራቱ ሥር ሳያርቅ እስከ ማዶው ጉብታ ሸኘው። ከማዶም «ፈቃድ የለህም! ሰማህ? ፈቃድ የለህም!» እያለ ሲጮህበት ሾላው ሥር ድረስ ተሰማ።

ከርከሮ እያለከለከ ተመለሰ። አድናቂው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። አህያ ከድንጋዩ ላይ ሆና ቁልቁል አየችው።

«እንግዲህ፣ ከርከሮ» አለች። «ሌላ ሰው የለም፤ እኛው ነን። ደካማ ናት ወይስ አይደለችም?»

ከርከሮ ውርንጭላዋ አጠገብ ተንበረከከ።

«ደካማ ናት» አለ። «እንደገና ዝፈኛት።»

ከዚህ የምንማረው፣ የወደድነውን ነገር ጉድለት መናገር ነውር ባይሆንም፣ «ይውሰዳት» ብለን ከመጮኻችን በፊት ከኋላችን አፉን ከፍቶ የተጋደመው ማን እንደሆነ ዞር ብለን ማየት እንዳለብን ነው።