የወይዘሮ ደብሪቱ ጠጅ በሦስት ኬላ

ሰው ሁሉ በየግብዣው የሚጠቅሳት አንዲት አጭር አነጋገር አለች። ብዙዎቹ ቤት ስለመታች ብቻ የተባለች ይመስላቸዋል። የለም። እሷን ያመጣት የሦስት ቀን የጭነት መንገድ፣ አንዲት ጠጅ ጣይና አንድ አፉን የያዘ ጭነኛ ነው። ነገሩን ከሥሩ የሚያውቁት ሽማግሌዎች እንዲህ ብለው ያወሩታል።

ጉልት አምባ በምትባል አገር ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ጠጅ መጣል ያውቁበታል። ጌሾውን ከጓሯቸው ራሳቸው ይለቅማሉ፤ ጋኑን በወይራ ያጥናሉ፤ ማሩን ደግሞ የሚያመጡላቸው አያ ዳምጤ የተባሉ ንብ አርቢ ሽማግሌ ናቸው። የደብሪቱን ጠጅ የቀመሰ ሰው የሌላው ሁሉ ብርዝ ይመስለዋል ይባል ነበር።

ታዲያ የሴትዮዋ ችግር ከጠጁ ሳይሆን ከመንገዱ ነበር። ጠጁን የሚፈልጉት ባለጠጎች ያሉት ከወንዙ ማዶ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ከተማ ነው። እዚያ ለመድረስ ሦስት ቀን ይኬዳል፤ በየቀኑም አንድ ኬላ አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን መንገድ የሚመላለስላቸው ይርዳው የሚባል ጭነኛ ነበር። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ንግግር የማይወድ ሰው ነው። ገንቦዎቹን በጭድ ጠቅልሎ በአጋሰሱ ላይ ሲጭን ሕፃን የሚያስተኛ ይመስላል። አንድም ቀን ገንቦ ሰብሮ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰኞ ገበያ የተመለሰ ነጋዴ አንዲት ትንሽ ቅልና አንድ መልእክት ይዞ መጣ። ላኪው ባላምባራስ ወንድይራድ ናቸው፤ ከደንበኞቹ ሁሉ ትልቁ። መልእክቱም፣ «ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ጠጅ ብንጠይቅዎ ወንዙን ላኩልን። እስቲ የላኩትን ይቅመሱት» የሚል ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ ቀመሱት። የራሳቸው ጠጅ ነው፤ የራሳቸውም አይደለም። ሽታው አለ፣ ጉልበቱ የለም። ፊታቸው ደም መሰለ። ይርዳውንም አስጠሩት።

«አንተ ይርዳው፣ ጠጁን ጠጥተህ ውሃ ሞላህበት?»

«አንዲት ጉንጭ ጠጥቼ እንደሆነ ይህች ምድር ትዋጠኝ፣ እሜቴ።»

«ሸጥከው?»

«አልሸጥኩም።»

«ታዲያ ውሃው በእግሩ ሄዶ ገባ?»

ይርዳው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ወይዘሮ ደብሪቱም «በል ከደጄ ጥፋ!» አሉት። የጭነቱን ጠፍር አንድ በአንድ ጠቅልሎ ከደፉ ላይ አስቀመጠና ሄደ። እሳቸውም ከኋላው እያዩት አንድ ነገር ከነከናቸው፦ ሌባ ወሬ ይበዛዋል፤ ይህ ሰው ግን አንድ ሰበብ እንኳ አልፈጠረም። ቢሆንም ተናደዋልና አልመለሱትም።

በእሱ ምትክ ደምለው የሚባል ሰው ቀጠሩ። ደምለው ምላሱ ማር ነው። «ይርዳው በሦስት ቀን የሚሄደውን እኔ በሁለት ቀን እገባለሁ!» ብሎ ጫነ። በሳምንቱ እያለቀሰ ተመለሰ፤ በእጁ የተሰበረ የገንቦ አንገት ይዟል። «በቅሎዋ ቁልቁለት ላይ ተደናቀፈችብኝ፣ እሜቴ። ይኸው ይህችን ብቻ አተረፍኩ» አለ። አዘኑለት፤ ምሳም አበሉት። ሁለተኛ ጫኑለት። አሁንም እያለቀሰ መጣ፤ አሁንም የገንቦ አንገት ይዟል።

ወይዘሮ ደብሪቱ አንገቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ይህን ስብራት ባለፈው አላየሁትም?»

«የገንቦ አንገት ሁሉ ይመሳሰላል፣ እሜቴ።»

«እዚህ ጋ ስንጥቁን በሰም የደፈንኩት እኔ ነኝ። አንድ ገንቦ ሁለት ጊዜ ይሞታል?»

ደምለው ስብራቱን አተኩሮ ተመለከተና፣ «ዕድሉ ሆኖ ይሆናላ» አለ። በአጥር የሚሰሙት ጎረቤቶች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን አልሳቁም። ማታለሉ ሳይሆን ይርዳው ሲጭን ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ አንገት አይተው አለማወቃቸው ነው ያሳዘናቸው።

በዚህ መሐል ከባላምባራስ ሌላ መልእክት መጣ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። «ለሠርጉ አራት ገንቦ ይላኩልን። እንደ በፊቱ ሆኖ ከመጣ ግን ከእንግዲህ ጉልት አምባ የሚባል አገር መኖሩን እንረሳለን» ይላል። ባላምባራስ ከረሱ ሰኞ ገበያ በሙሉ ይረሳል። ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን ደርበው ወደ አያ ዳምጤ ሄዱ።

አያ ዳምጤን ቀፎ ሲለቀልቁ አገኟቸው። እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይርዳውን ምን ብለሽ ጠየቅሽው?» አሉ።

«ጠጣህ ወይ አልኩት። ሸጥክ ወይ አልኩት።»

«እሱስ?»

«አልጠጣሁም፣ አልሸጥኩም ብሎ ማለ።»

«እውነቱን ይሆናል። አንቺ በሩን ከውጭ ስትገፊ እሱ ከውስጥ ገፋ፤ እንዲህ ያለ በር አይከፈትም። እስቲ አስጠሪልኝ።»

ይርዳው በማግስቱ መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱን ባየ ጊዜ ሊመለስ ዳዳው፤ አያ ዳምጤ ግን አጠገባቸው አስቀመጡት። ስለ ጠጅ አንድም ቃል አላነሱም።

«አንድ ፍርድ ቸግሮኝ ነው የጠራሁህ» አሉት። «አንድ ሰው ለሩቅ ዘመድ የሚደርስ አዲስ ነጭ ጋቢ አደራ ተሰጠው። መንገዱ እሾህ ነበር። አንዱ ቁጥቋጦ ክር መዘዘበት። ሰውየው ‹ቀደድከው ሊሉኝ ነው› ብሎ ፈራ፤ ከለበሰው ማቅ ክር መዞ ጠቀመው። ሁለተኛው እሾህ ያዘው፤ አሁንም ጠቀመው። እንዲህ እያለ ሲደርስ ጋቢው ቀዳዳ የለበትም፤ ጋቢም አይደለም። ባለቤቱ ከሰሰ። አንተ ዳኛ ብትሆን በማን ትፈርዳለህ? በእሾሁ ነው በሰውየው?»

ይርዳው ብዙ አላሰበም። «እሾህማ ሥራው መውጋት ነው። ሰውየው የተቀደደውን ጋቢ እንዳለ አምጥቶ ‹መንገዱ እንዲህ አደረገብኝ› ቢል ኖሮ ማን ይፈርድበታል? ያጠፋው የጠቀመ ጊዜ ነው» አለ።

የራሱ ቃል ግን ተመልሶ ጆሮው ውስጥ ገባ መሰለኝ፣ ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየ።

«አያ ዳምጤ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት የታፈነው ሁሉ ፈሰሰ። መጀመሪያ አንዱ ኬላ ጠባቂ «ቅምሻ» ብሎ አንድ ዋንጫ ተቀበለው። ገንቦው ጎድሎ ከደረሰ ሌባ እንዳይባል ከምንጭ ውሃ ቀድቶ ሞላበት። ቀስ እያለ አንዱ ዋንጫ ሦስት ሆነ፤ አንዱ ኬላም ሦስት ኬላ።

«እሜቴ ‹ጠጣህ?› አሉኝ፤ አልጠጣሁም። ‹ሸጥክ?› አሉኝ፤ አልሸጥኩም። ‹ፈርተህ ነው?› ያለኝ ግን የለም» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ልባቸው ተነካ። ይህን ሁሉ ዓመት ጠጃቸውን ከደጃፍ ሸኝተው ሲመለሱ፣ መንገዱ ሰውን ምን እንደሚያደርገው አንድ ቀን አስበው አያውቁም ነበር። «ወደ ሠርጉ አብረን እንሄዳለን፣ ይርዳው» አሉት። «አንተ ትጭናለህ፤ እኔም መንገዱን አየዋለሁ።»

ይርዳው ፊቱን ገለጠ። «ክፋቱ፣ እሜቴ፣ የገንቦ ሆድ አይታይም። ውስጡን የሚያሳይ ነገር ቢኖር እነሱም ይፈሩ ነበር፣ እኔም እበረታ ነበር» አለ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ጥቂት አሰቡ። ቤታቸው ውስጥ ለክቡር እንግዳ ብቻ የሚወጣ አንድ ብርሌ ነበራቸው። በጉዞው ቀን ከገንቦዎቹ ጠጅ ቀድተው ብርሌውን ሞሉት፤ አፉን በአያ ዳምጤ ሰም ደፈኑት፤ የአራቱንም ገንቦ አፍ እንዲሁ ደፍነው በቀለበታቸው ማኅተም አተሙበት። ለየኬላው የሚሆን ጠጅ ደግሞ በሦስት ትንንሽ ቅል ለብቻው አደረጉ። አያ ዳምጤም «እኔም ሠርግ አምሮኛል» ብለው ከኋላ ተከተሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኬላዎች ቅሉን ተቀብለው አሳለፏቸው። ሦስተኛው ግን ወንዙ ማዶ ያለው ነው፤ ጠባቂው ድምፁ ወፍራም፣ ዓይኑ ገንቦ ላይ የሚያርፍ ሰው ነበር።

«መጣህልኝ፣ ይርዳው! በል ክፈተው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ይርዳውን ያያሉ። ሊናገሩ አሰቡና ተዉት፤ ይህን መመለስ ያለበት እሱ ነው።

ይርዳው ቅሉን አውጥቶ ሰጠው። «ጌታዬ፣ ይህ የእናንተ ነው፤ እሜቴ ወደው የሰጧችሁ። ገንቦው ግን የሙሽራዪቱ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከዛሬ ወዲህ። ማኅተሙ ከተሰበረ ይኸኛው ብርሌ ይመሰክራል። ባላምባራስ በየትኛው ኬላ እንደተከፈተ ይጠይቁኛል፤ እኔም እንደ ድሮው ዝም አልልም።»

ጠባቂው ብርሌውን አየ፤ ይርዳውን አየ፤ በቅሎ ላይ የተቀመጡትን ሴትና ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ሳቀ። «አፍ አበቀልክ እኮ!» አለና ቅሉን ታቅፎ አግዳሚውን እንጨት አነሳው። ይርዳው ያን ዕለት ዳገቱን እያንጎራጎረ ወጣው፤ ወይዘሮ ደብሪቱ በሰባት ዓመት ውስጥ ሲያዜም የሰሙት ያኔ ብቻ ነው።

ሰኞ ገበያ ሲደርሱ ዳሱ ሞልቷል። ባላምባራስ ወንድይራድ በዳሱ በር ቆመው ጭነቱን በጎሪጥ አዩት። «ዘንድሮስ ጠጁ ወንዙን ስንት ጊዜ ጠጣ?» አሉ።

ይርዳው ራሱ ወደፊት ወጣ። በእንግዳ ሁሉ ፊት ያደረገውን ሳይደብቅ ተናገረ፤ ኬላውን፣ ምንጩን፣ ፍርሃቱን፣ አያ ዳምጤ ያቀረቡለትን የጋቢ ፍርድ ሳይቀር። ከዚያ ማኅተሙን ሰበረ፤ ከገንቦው በባላምባራስ ብርሌ ቀዳና ከጉልት አምባ ከመጣው ብርሌ አጠገብ ፀሐይ ላይ አቆመው። ሁለቱም ወርቅ ናቸው። አንዱን ከአንዱ የሚለይ ዓይን አልተገኘም።

ባላምባራስ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይህ ጠጅ ነው!» አሉ ባላምባራስ። «ከእንግዲህ ለሰኞ ገበያ የሚመጣውን ጠጅ ሁሉ ይርዳው ይጫነው። ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ከሙሽራዪቱ አጠገብ ይቀመጡ።»

ይርዳውም ተቀመጠ፤ ያን ቀን የወይዘሮ ደብሪቱን ጠጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ አፍ ቀመሰ። አጠገቡ የተቀመጠው አንድ እንግዳ ወደ አያ ዳምጤ ዘወር ብሎ፣ «ይህን የመሰለ ዝምተኛ እንዴት አናገራችሁት? ጠጁስ እንዴት እንዲህ ጠራ?» ብሎ ጠየቀ። አያ ዳምጤ ብርሌያቸውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ!»