ጳጉሜን የሰረዘው መሣሪያ

በአንድ ወቅት፣ ኧረ ሩቅም አይደለም፣ ደሴ ከተማ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ፎቅ ተከራይተው የሚሠሩ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ነገሩ የሚያከራክር ስለሆነ አንዲት ቃል እንዳታመልጣችሁ። በኋላ አልሰማንም ብትሉ አልደግምላችሁም።

ሦስቱም ፕሮግራመሮች ናቸው። ፕሮግራመር ማለት ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ይህን ቁጠር፣ ያንን አስቀምጥ፣ የእገሌን ቀጠሮ አስታውስ እያለ። ኮምፒዩተር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ ተሳስተህ ብታዘው ተሳስቶ ይሠራልሃል። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ራሱ የሚያግዘው መሣሪያ ይፈልጋል። የድሮዎቹ መሣሪያዎች ስህተት ሲያዩ ከሥሩ ቀይ መስመር ያሰምሩና ዝም ይላሉ። እነዚህ ሦስቱ የሠሩት ግን አዲስ ትውልድ ነው፤ ያልጨረስከውን ይጨርስልሃል፣ ያበላሸኸውንም ሳትጠይቀው ያርምልሃል። ብዙ እጅ ሆኖ ያግዛል ብለው ስሙን «ደቦ» አሉት።

የደቦን አንጎል የሠራው እንድሪስ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አቀርቅሮ፣ ጀርባው እስኪጎብጥ። ይመር ደግሞ ሰው ያመጣል፤ አፉ ማር ነው፣ ቃል ገብቶ የቀረበት ቀን የለም። ፋንታነሽ ቀማሻቸው ናት። ጠላ የምትቀዳ ሴት ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምስ የለ? እሷም ደቦን መጀመሪያ በራሷ ሥራ ላይ ትሞክረዋለች። እኔ ሳልቀምሰው ለሰው አይሰጥም ባይ ናት፤ ግትር!

ሲጀምሩ ተማምለዋል። ሦስቱም ካልተስማሙ ደቦ ከበር አይወጣም፣ ማንም ብቻውን አይነካውም ብለው። ይህችን መሐላ ያዙልኝ።

ደቦ ተመርቆ ለሰው የሚወጣበት ቀን ነሐሴ ማለቂያ ላይ ዋለ። ዝናቡ ይወርዳል፤ አዳራሹ ከወልድያ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከከሚሴ በመጡ ፕሮግራመሮች ጢም ብሏል። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ድርጅት አቶ ልዑልሰገድ የሚባሉ ሰው ልኳል። ደቦ ያን ቀን ከተመረቀ ድርጅቱ በአገሩ ከዳር እስከ ዳር ላሉት ፕሮግራመሮች ሁሉ ሊያዳርስላቸው ተስማምቷል።

ፋንታነሽ ያን ዕለት ጠዋት የመጨረሻውን ልቅመስ አለች። ለአንድ ጤና ጣቢያ የጻፈችው ፕሮግራም አላት፤ የስኳር ሕመምተኞች መድኃኒት የሚወስዱበትን ቀን የሚይዝ። ሰጠችው። ደቦ ተቀብሎ እንክት አድርጎ ጠራርጎ መለሰላት። «እሰይ የኔ ደቦ!» ብላ አጨበጨበች። ደስ ብሏት የሕመምተኞቹን ስም ስታይ ስታይ ጎረቤቷ እትዬ ጦይባ ጋ ስትደርስ ቀጠሯቸው የለም። ጳጉሜ ሦስት ነበር፤ አሁን ባዶ ነው። የሌሎቹንም አየች። ጳጉሜ ላይ የተቀጠረ ሁሉ ጠፍቷል።

ላፕቶፑን ታቅፋ በዝናቡ እየሮጠች አዳራሹ ደረሰች፤ ጓደኞቿን ከመድረኩ ጀርባ አገኘቻቸው።

«ደቦ ጳጉሜን ሰረዛት» አለች።

«ምን ማለት ነው ሰረዛት?» አለ እንድሪስ።

«ወር አይደለችም አለኛ! ያው አንብበው።»

ስክሪኑ ላይ ደቦ ራሱ ጽፎታል፤ «ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው። ስህተቱን አርሜዋለሁ።»

ይመር ሳቁ አመለጠው። «ይሄ ደፋር! ማን ጠየቀው?»

ጥፋቱ የማን ነው ብትሉ የሦስቱም ነው። ደቦ የተማረው የውጭ አገር ሰዎች ከጻፉት ነው፤ እነሱ ጳጉሜ የላቸውም። የእኛዎቹስ? ከመስከረም እስከ ነሐሴ እየተጠነቀቁ ሞክረውት፣ አምና ጳጉሜ ስትገባ ቢሮውን ቆልፈው ለበዓል ወደየቤታቸው ሄዱ። ደመወዝ የማይከፈልባትን ወር ማን ወር ብሎ ይቆጥራታል! ባለቤቶቿ የረሷትን ደቦ ከየት ያምጣት?

አቶ ልዑልሰገድ ጫጫታውን ሰምተው መጡ። ነገሩ ሲነገራቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

«አምስት ቀን አይደለች እንዴ? ዛሬ ይመረቅ፤ ከበዓሉ በኋላ ታስተካክሉታላችሁ።»

«በአምስቱ ቀን ለእትዬ ጦይባ መድኃኒታቸውን ማን ይሰጣቸዋል?» አለች ፋንታነሽ።

«እህቴ፣ ለአንድ ባልቴት ተብሎ...»

«አንድ አይደሉም! ይህ መሣሪያ ዛሬ ከወጣ በየከተማው ያለውን ፕሮግራም እየዞረ ጳጉሜን ይሰርዛል። እኔ ስለቀመስኩት አየሁት። ያልቀመሰውስ?»

«ዛሬ ካልሆነ እኛ የለንበትም» አሉ ሰውየው።

ይመር ክንዷን ያዝ አደረጋት። «ፋንቴ፣ ዛሬን ብቻ እንለፋት። ያ ሁሉ ሰው በዝናብ ነው የመጣው።» እንድሪስ መሬት መሬት ያያል። እንግዲህ ሦስቱ አልተስማሙም ማለት ነው።

ፋንታነሽ መሐላውን አልረሳችም። ወደ መድረኩ ወጣች። የጠፋችውን ወር በትልቁ ስክሪን ለሕዝቡ አሳየች። «ይህን ያደረገው የራሳችን ደቦ ነው። ዛሬ አይወጣም!» አለች። እዚያው ቆማ የይለፍ ቃሉን ለወጠችው። «ቆልፌዋለሁ። የሚከፍት ካለ ይምጣ!» ሕመምተኞቹን አተረፈች። ግን ልብ በሉ፤ ብቻዋን ነው የቆለፈችው፣ የጓደኞቿንም ገመና በአደባባይ ነው የዘረገፈችው።

እንድሪስ ተከትሏት ወጣ። ሊጣላት መስሏት ላፕቶፑን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ክፈቺልኝ» አላት ቀስ ብሎ። «አላስወጣውም። እጁን ልቆርጠው ነው።» ፊቱን አየችው፤ ከፈተችለት። እሱም ደቦ ሳይጠየቅ የሚያርምበትን ክፍል፣ የሦስት ዓመት ልፋቱን፣ ሰው ሁሉ እያየ አጠፋው። «አብደሃል?» ብለው አቶ ልዑልሰገድ ከታች ጮሁ። «ደቦን አዲስ ያደረገው እኮ ያ ክፍል ነበር!» እንድሪስም «የሠራሁት እኔ፣ ያጠፋሁት እኔ። ከእንግዲህ ደቦ ይጠይቃል እንጂ በሰው ሥራ ላይ አያዝም!» አለ። አንጀት ይበላል አይደል? ግን እሱም ማንንም አላማከረም። የወልድያዎቹም «እኛ የመጣነው ለዚያ እጅ ነበር» ብለው አጉረመረሙ።

አቶ ልዑልሰገድ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ። ሕዝቡም ሊከተላቸው ተነሣ። ይመር ያኔ በሩ ላይ ተገተረ። «የትም አትሄዱም! ዛሬ ደቦን ታያላችሁ ብያችኋለሁ፣ ታያላችሁ!» አላቸው። ወደ መድረኩ ተንደርድሮ እንድሪስ እንደከፈተው ከተወው ላፕቶፕ የደቦን ሆድ ዕቃ፣ የተጻፈበትን ትእዛዝ በሙሉ፣ የድሮ ቅጂውን ጨምሮ፣ በኢንተርኔት ለዓለም ለቀቀው። የፈለገ ይውሰደው፣ ይፍታው፣ ያርመው። ተመልሶ የማይሰበሰብ ነገር!

«ይመር! ምን አደረግክ?» ብላ ፋንታነሽ ጮኸች።

«የተቆለፈ ነገር ማን ያርመዋል? ጳጉሜን እኛ ሦስታችን አላየናትም። እነዚህ ሁሉ ቢያዩ ኖሮ አንዱ ባየልን ነበር።»

«የኔ ልፋት ነው!» አለ እንድሪስ።

«ነበር።»

ያችን «ነበር» ፋንታነሽ እስከ ዛሬ አልረሳቻትም።

ከዚያ ምን ሆነ? ሰዉ ደቦን ይዞ በየከተማው ገባ። አንዷ የወልድያ ልጅ፣ ደቦ እናትና ልጅን በአባት ስም ስለማይገጥሙ ባዕድ ናቸው እንደሚል አገኘችና አስተካከለችው። አንዱ የከሚሴ ልጅ ደግሞ ጳጉሜን አስተማረው። እትዬ ጦይባም፣ ፋንታነሽ የጠፋውን ቀጠሮ መልሳ አስገብታላቸው፣ በቀናቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄደው መድኃኒታቸውን ተቀበሉ፤ ከዚህ ሁሉ ጉድ አንዱንም አልሰሙም። ግን የይመር ሥራ ሌላም ነገር አመጣ። አንዳንዱ ከድሮው ቅጂ የተቆረጠውን እጅ መልሶ ቀጥሎ የራሱን ደቦ አወጣ፤ በአንድ ከተማም የስንት ሰው ቀጠሮ ተምታታ።

ይህን ጊዜ ፕሮግራመሮቹ ተሰብስበው መከሩ። ማንም እያረመ ይላክ፤ ነገር ግን ይህ ይግባ፣ ይህ አይግባ፣ ዛሬ ይውጣ፣ አይውጣ የሚል አንድ ሰው ይኑር፤ የደቦ ቁልፍ በአንድ እጅ ይሁን አሉ። ሦስቱንም ጠርተው ጠየቋቸው።

«ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም» አለ እንድሪስ። «ልጄን ሲያጠፋ አይቼ የገዛ እጁን የቆረጥኩ ነኝ። ከዚህ በላይ ምን ላምጣ?»

«እኔ ባልለቀው ዛሬ ደቦ የሚባል ነገር ነበር?» አለ ይመር። «እናንተስ እዚህ ትቀመጡ ነበር?»

የፋንታነሽ ተራ ደረሰ። ቁልፉን የምትፈልገው ለስሙ አይደለም። ነገ ደግሞ ሌላ ትንሽ ወር፣ ሌላ ባልቴት ሲሰረዝ አይቶ «እምቢ» የሚል ሰው በሩ ላይ ከሌለ ብላ ነው የምትፈራው። «ሁላችሁም እንዲወጣ ስትፈልጉ አይወጣም ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ወደፊትም እላለሁ። ቁልፉን ብትሰጡኝም፣ ባትሰጡኝም!»

ፕሮግራመሮቹ ተከራከሩ። መሸ፤ አልፈረዱም።

እንግዲህ ለእናንተ ትቼዋለሁ። ለሦስት ይካፈሉት እንዳትሉኝ! ለሦስት ተካፍለውት፣ ምለውበት፣ ሦስቱም ናቸው መሐላውን ያፈረሱት። አንዷ ብቻዋን ዘጋች፣ አንዱ ብቻውን ቆረጠ፣ አንዱ ብቻውን ለቀቀ። አንዱ ባይኖር ደግሞ ሌሎቹ ያደረጉት ከንቱ ይቀር ነበር። እና ተናገሩ እስቲ፤ የደቦ ቁልፍ ለማን ይገባል? ለሠራው፣ ለለቀቀው፣ ወይስ «አይወጣም» ላለችው?