ጡት ያልተስማማት ልጅ

በአንድ ወቅት፣ በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ የእናቷ ጡት የማይስማማት ልጅ ተወለደች። አልጠባም ብላ አይደለም፤ ትጠባለች፣ ያውም አጥብቃ። ግን በጠባች ቁጥር ታስመልሳለች፣ ባስመለሰች ቁጥር ትከሳለች፤ ዓይኗና ገላዋም እንደ እርድ ቢጫ ሆነ።

ለእናቷ ለየውብዳር የመጀመሪያ ልጇ ናት። ረድኤት ብላ ስም አውጥታላታለች። አራስ ጠያቂ በገባ ቁጥር ምክር ይዞ ይገባል። «የጠዋት ፀሐይ አሙቂያት» አለ አንዱ። «ወተትሽ ቀጥኖ ነው፣ አጥሚት ጠጪ» አለች ሌላዋ። ባሏ በላቸው ደግሞ ከሱቅ የቆርቆሮ ወተት ገዝቶ መጣ። ያም ከላም ወተት የተሠራ ዱቄት ነበርና አባሰባት እንጂ አልበጃትም። ሁሉም ያደረገው ከፍቅር ነው። ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ ማልቀሱንም ተወችው።

ጎረቤታቸው እትዬ ደብሪቱ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ገበያ ቆማ ስትጣራ መናኸሪያ ድረስ ይሰማል እያሉ ይቀልዱባታል። አንድ ጠዋት ገንፎ ይዛ ገባች፣ ሕፃኗን አቀፈቻት፣ ፊቷም ተለወጠ።

«ይቺ ልጅ አታለቅስም እንዴ?»

«ዛሬ ተሻላት መሰለኝ፣ ዝም ብላ ትተኛለች» አለች የውብዳር።

«ዝም ያለ ሕፃን ተሻለው ያለሽ ማነው? ተነሺ!»

አራስ እኮ ከቤት አትወጣም። ከክርስትናው በፊት ደጅ የረገጠች እንደሆነ ምች ይመታታል፣ ብርድ ይገባታል ተብሎ ይፈራል፤ ብቻዋንም አትተው፣ ትራሷ ሥርም ቢላ ይቀመጥላታል። የበላቸው አክስት በሩን ይዛ ቆመች። «አራስ ገድለሽ በማን ልታሳብቢ ነው?»

«በራሴ!» አለች ደብሪቱ። እናትና ልጅን በአንድ ጋቢ ጠቅልላ ባጃጅ ላይ ጫነቻቸው፤ ከባጃጁ ወደ ሚኒባስ አሻገረቻቸውና ደብረ ብርሃን ካለ ሆስፒታል አደረሰቻቸው።

ሐኪሟ የሕፃኗን ደምና ሽንት አስመረመረች፣ ግሉኮስ በደም ሥሯ አስገባች፣ ከዚያም የውብዳርን ትክ ብላ አየቻት። «ጡት ታቆማለች። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ለሁልጊዜ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወተት ውስጥ የራሱ የሆነ ስኳር አለ። ይህ ስኳር ሆድ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ጋላክቶስ ይባላል። የሌላው ሰው ጉበት ጋላክቶስን ወደ ጉልበት ይለውጠዋል። የረድኤት ጉበት ግን መለወጫውን ይዞ አልተፈጠረም፤ ስለዚህ ጋላክቶሱ እየተጠራቀመ መርዝ ይሆንባታል፣ ጉበቷን ያቆስላል፣ ዓይኗን ያጨልማል። በዚህ ረገድ የላም፣ የፍየል፣ የግመልና የእናት ወተት ልዩነት የላቸውም። ለሌላ ሕፃን ከጡት የሚበልጥ ምግብ የለም፤ ለእሷ ግን የሚሆናት ከአኩሪ አተር የተሠራ፣ የወተት ስኳር ጨርሶ የሌለበት ልዩ ዱቄት ነው። የቆርቆሮ ወተት ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ! ያለጊዜው ለተወለደ የሚሰጥ አለ፤ የላም ወተት ለማይስማማው ደግሞ ፕሮቲኑ አስቀድሞ የተሰባበረለት አለ። አንዱ በሌላው አይተካም፤ ሐኪም የሚያዘውም ለዚህ ነው።

«አኩሪ አተር ከሆነማ ገበያው ሞልቶ! ወፍጮ ቤት ወስጄ አስፈጭላታለሁ» አለች ደብሪቱ።

ሐኪሟ ሳቀች። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ብረቱም ቫይታሚኑም ለሕፃን ሆድ ተለክቶ የገባበት ነው። ወፍጮ አይለካም።»

ረድኤት በልዩ ወተቱ ዳነች፤ ቢጫው ለቀቃት፣ ማልቀስም ጀመረች። ለቅሶዋን ሲሰሙ እናቷም ደብሪቱም አብረው አለቀሱ። አንድ ቆርቆሮ ተሰጣቸውና ወደ ቤት ተመለሱ።

ቆርቆሮው ግን ማለቁ አይቀርም። ሸዋ ሮቢት ፋርማሲዎች ውስጥ የለም፤ ደብረ ብርሃንም ተሟጧል። የውብዳር አብራት የተማረች ሐረገወይን የምትባል ጓደኛ ነበረቻት፤ የአይሱዙ ሹፌር ናት፣ ሽንኩርት ጭና አዲስ አበባ ትመላለሳለች። «እኔ አመጣዋለሁ፣ አንቺ ልጅሽን ያዢ» ብላ ወጣች። አዲስ አበባ ላይ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስትዞር ውላ አገኘች። ስትመለስ ግን ጣርማ በር ላይ ዝናቡ ተራራውን ንዶ መንገዱን ዘጋው። መኪና ከወዲያም ከወዲህም ተገትሯል። ለባለ መኪናው ደወለች።

«ዕቃዬን ጥለሽ ከሄድሽ ሌላ ሹፌር እፈልጋለሁ» አላት።

«ፈልግ» አለችና ቁልፉን ለረዳቷ ሰጠች። ቆርቆሮዎቹን በሻርፗ ጀርባዋ ላይ አዝላ ጭቃው ውስጥ ገባች።

«እህት፣ መንታ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁባት ተሳፋሪዎች።

«አዎ፣ ግን አያለቅሱም!» አለቻቸውና ናዳውን ተሻግራ ቁልቁለቱን በእግሯ ተያያዘችው።

በዚያው ቀን ቤት ውስጥ ሌላ ትግል ነበር። የየውብዳር አከራይ ወይዘሮ አስካለ ልጅ የላቸውም፤ ሰፈሩ ደረቅ ሴት ይላቸዋል። ልጅቷ ከሆስፒታል ከተመለሰች ጀምሮ ወተቱን የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ፦ ውኃውን ያፈላሉ፣ የዱቄቱን ማንኪያ በቢላ ጀርባ ደልድለው ይለካሉ፣ ቅቤ ላስልሳት ብሎ የተጠጋውን ጠያቂ ሁሉ እጁን ይመታሉ። ዱቄቱ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ የውብዳር «ውኃ ጨምረን እናብቃቃው» አለቻቸው። «በውኃ ሆዷ እንጂ አካሏ አይሞላም» ብለው እንቢ አሉ። በመጨረሻ ቆርቆሮው ባዶ ሆነ። ልጅቷ ጮኸች። የውብዳር ለቅሶዋን ስትሰማ ደርቋል ያለችው ጡቷ ልብሷን አረጠበው።

«አንዴ ብቻ። ጉሮሮዋን ላርጥብላት።»

አስካለ ሕፃኗን ከእቅፏ ነጠቁ፣ ወጡ፣ በሩን ከውጭ ቆለፉት።

«ልጄን አምጪ!» የውብዳር በሩን ትደበድባለች። አንቱታውንም ረሳችው። «አንቺ የእናት አንጀት ምን ታውቂያለሽ! ወልደሽ አታውቂ!»

አስካለ ከበሩ ወዲያ ሆነው «እውነትሽን ነው» አሉና ሄዱ። ጤና ጣቢያ ደርሰው ለደብረ ብርሃኗ ሐኪም አስደወሉ፤ በእሷ ትእዛዝ ለልጅቷ ግሉኮስ ተተከለላት። እዚያው አቅፈዋት ተቀምጠው ሳለ ሐረገወይን ቤት ደርሳ የተቆለፈባትን የውብዳርን አውጥታ አስከትላ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ቆርቆሮዎቿን አዝላ ገባች።

ይኸው ረድኤት ሰማንያ ቀኗ ደረሰ። ጉንጯ ሞልቷል፣ ክንዷ ታጥፏል፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «የእኛ ሰፈር ልጅ» ይላታል። ሴት ልጅ ስትጠመቅ ክርስትና የምታነሳት አንዲት ሴት ናት፤ ያነሳቻትም እስከ ዕድሜ ልክ እናቷ ትሆናለች። ሦስቱም ሴቶች በዋዜማው መጡ፤ አንዷም አንገቷን አልደፋችም።

«እኔ ከዚህ ቤት ባላወጣት ወተቱም ግሉኮሱም ለማን ይሰጥ ነበር?» አለች ደብሪቱ።

«ወተቱ ባይመጣ ኖሮ ግሉኮስ ልጅ ያሳድጋል? እኔ ሥራዬን ጥዬ ነው የመጣሁት» አለች ሐረገወይን።

«የሰው መኪና አይደል የጣልሽው፣ እኔ አራስ ገዳይ ልባል ነበር!»

«መኪናው የእኔ ቢሆንማ እሱንም እጥለው ነበር፣ እትዬ!»

አስካለ መጨረሻ ተናገሩ። «ልጅ የለኝምና እዘኑልኝ አልልም። አንዲት ጉንጭ ወተት ብትገባ የእናንተ ድካም ሁሉ ውኃ በልቶት ነበር። ያቺን ጉንጭ የከለከልኩት እኔ ነኝ። በሥራዬ ነው የምጠይቅ።»

«ሦስቱም ቢያነሷትስ?» አለ በላቸው፣ ነገር ሊያበርድ።

የነፍስ አባታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የክርስትና እናት አንድ ናት፣ ልጄ። እናትየዋ ትምረጥ።»

የውብዳር ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አደረች። አንዷ ስሟን አስይዛላታለች፣ አንዷ እንጀራዋን ጥላላታለች፣ አንዷ ደግሞ የማይረሳ ስድብ ከራሷ ከየውብዳር አፍ ጠጥታ ዝም ብላላታለች። ሦስቱንም ባሰበች ቁጥር እንባዋ ይመጣል፤ ግን የኀዘን አልነበረም፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉኝ ስትል ደረቷ ይነፋል።

ጠዋት ውኃው ተባረከ፣ ረድኤት ተጠመቀች፣ ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸቷ አናወጠችው። ቄሱ ዞር ብለው «ክርስትና እናቷ ትቅረብ» አሉ። ሦስቱ ሴቶች ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል። የውብዳር አፏን ከፈተች።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፤ ከቤት ካወጣቻት፣ ወተቱን ካመጣችላትና ጡቱን ከከለከለቻት፣ ረድኤትን ማንሳት የሚገባት የትኛዋ ናት?