አንድ እቅፍ ድርቆሽ ለድንቡሼ

ተረት ተረት ስል «የድርቆሽ በረት» በሉኝ፤ ያለዚያ አልጀምርም።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ድንቡሼ የምትባል ነጭ ጥንቸል ነበረቻት። አንድ ቀን እንግዶች መጡና «ስታምር!» እያሉ ድንቡሼን ዳቦና ብስኩት ሲያጎርሷት ዋሉ። በማግስቱ ሆዷ ተነፋ፣ ጆሮዋ ወደቀ፣ እህል ውኃ አልነካም አለች።

የእንስሳት ሐኪሟ ሆዷን ዳሰሰችና መድኃኒት ሰጠቻት። «የጥንቸል እንጀራዋ ድርቆሽ ነው» አለቻት ለትርንጎ። «ዳቦ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ አቮካዶ አጠገቧ እንዳይደርስ! ዛሬ ድርቆሽ ካልበላች ግን አትተርፍም።»

ጊዜው በጋ ነው፤ ሜዳው ተግጦ አልቋል። ትርንጎ ድንቡሼን በቅርጫት አቅፋ ድርቆሽ ወደሚያከማቹት ወደ ጋሽ ደርብ ሄደች።

«ጋሽ ደርብ፣ አንድ እቅፍ ድርቆሽ ይስጡኝ!»

«ቁልፉ ጓጉንቸሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። ቀጥቃጩ አጥናፉ ጓጉንቸሩን ካልሰበረው መጋዘኑን አልከፍትም። ይልቅ ይኸውልሽ የድንች ልጣጭ።»

«እምቢ! ድንች አትበላም!»

ወደ ቀጥቃጩ ሮጠች።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ጓጉንቸር ይስበሩልኝ! ጓጉንቸር ካልተሰበረ መጋዘን አይከፈት፤ መጋዘን ካልተከፈተ ድርቆሽ የለ፤ ድርቆሽ ከሌለ ድንቡሼ አትተርፍ!»

«መሮዬ ደንዟል ልጄ። በእሳት ካልሳልኩት አይሰብርም፤ ለእሳቱ ደግሞ ከሰል የለኝም። ከሰል ሻጯን ውዴን ጠይቂ። እስከዚያው ትንሽ ዳቦ አቅምሻት።»

«እምቢ! ዳቦ ነው የጣላት!»

ወደ ከሰል ሻጯ ሮጠች።

«እትዬ ውዴ፣ ከሰል ይስጡኝ! ከሰል ከሌለ መሮ አይሳል፤ መሮ ካልተሳለ ጓጉንቸር አይሰበር፤ ጓጉንቸር ካልተሰበረ መጋዘን አይከፈት፤ መጋዘን ካልተከፈተ ድርቆሽ የለ፤ ድርቆሽ ከሌለ ድንቡሼ አትተርፍ!»

«ከሰሌ ከወንዝ ማዶ ነው የኔ ልጅ። የጥጋቡ ጋሪ ካላመጣው በጀርባዬ አልሸከመው። በይ ይቺን የሽንኩርት ቅጠል ስጫት፤ እሷስ አረንጓዴ አይደለች?»

«እምቢ! አረንጓዴ ሁሉ ሣር አይደለም!»

ወደ ባለጋሪው ሮጠች።

«ጋሼ ጥጋቡ፣ ጋሪዎን ያንቀሳቅሱልኝ! ጋሪ ካልሄደ ከሰል አይመጣ፤ ከሰል ካልመጣ መሮ አይሳል፤ መሮ ካልተሳለ ጓጉንቸር አይሰበር፤ ጓጉንቸር ካልተሰበረ መጋዘን አይከፈት፤ መጋዘን ካልተከፈተ ድርቆሽ የለ፤ ድርቆሽ ከሌለ ድንቡሼ አትተርፍ!»

«ምን ላድርግ? ፈረሴ ርቦት ዝሏል። ድርቆሽ ካልበላ ጋሪ አይጎትትም። አቮካዶ ግን አለኝ፣ ብስል ነው፣ ለታመመ...»

«እምቢ! አቮካዶ መርዟ ነው! ድርቆሹ ደግሞ የት ነው ያለው?»

«ጋሽ ደርብ መጋዘን ነዋ!»

ትርንጎ ቅርጫቱን ገለጥ አድርጋ አየች። የድንቡሼ ዓይን ሊከደን ምንም አልቀረው። ልቅሶ መጥቶባት ነበር፤ ንዴት ቀደመው።

«ፈረሱን ይሳቡና ይከተሉኝ!»

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሄዳ ተገተረች።

«ጋሽ ደርብ! ፈረሱ ድርቆሹን ይጠብቃል፤ ጋሪው ፈረሱን፣ ከሰሉ ጋሪውን፣ መሮው ከሰሉን፣ ጓጉንቸሩ መሮውን፣ እርስዎ ጓጉንቸሩን! ድንቡሼ ግን መጠበቅ አትችልም። ከግድግዳው አንድ ጣውላ ይንቀሉ!»

«ለጥንቸል ብዬ ቤቴን ላፍርስ? ዞር በይ ከዚህ!»

«አልዞርም!» መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ከሞተችም እዚሁ ደጅዎ ላይ ትሙት። እኔ አልነሣም!»

ጋሽ ደርብ ሊቆጡ ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው ቅርጫቱ ውስጥ አረፈ። ነጯ ጥንቸል በጭንቅ ትተነፍሳለች። መዶሻ ይዘው መጡና አንዱን ጣውላ ገንጥለው ጣሉት።

ያን ጊዜ ድርቆሹ ወጣ፤ ፈረሱ በላ፤ ጋሪው ሄደ፤ ከሰሉ መጣ፤ እሳቱ ነደደ፤ መሮው ተሳለ፤ ጓጉንቸሩ ተሰበረ፤ የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፈተ!

ትርንጎ ግን በሩን ዞራም አላየች። ድርቆሹ ከወጣ ጀምሮ አንዲት ዘለላ ድርቆሽ ድንቡሼ አፍንጫ ሥር ይዛ ቁጭ ብላለች። ድንቡሼ አሸተተች፤ ፊቷን አዞረች፤ እንደገና አሸተተች። ከዚያ... ቅርጥ፣ ቅርጥ፣ ቅርጥ።

«ተመስገን!» አሉ ጋሽ ደርብ፣ ደስታቸው አላስቆም ብሏቸው። «እንግዲህ አንድ ቁርጥ ዳቦ ልጨምርላት?»

«እምቢ!» አለች ትርንጎ፤ ለድንቡሼም ሌላ ዘለላ አቀበለቻት።

ተረቴን መልሱ፤ ለጥንቸል ድርቆሿን አድርሱ።