ቀፎውን ስንቴ ትከፍቺዋለሽ?

አንዲት ሴት ነበረች። ይህን ነገር ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለእናቷም አልነገረች፣ ለንስሐ አባቷም አልነገረች። የሚያውቁት አጎቷ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አርፈዋል። ስሟን አልጽፍም፤ ታፍራለች። መምህርት ናት ማለት ይበቃል። በተማሪ የተጨናነቀ ክፍል ፊት ቆማ ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ስታስተምር ድምጿ አይንቀጠቀጥም፤ ስለ ራሷ ሲጠይቋት ግን ጫማዋን ታያለች።

ይህች ሴት ቀደም ሲል የምትወደው ሰው ነበራት። ቀለበት አድርጎላት ነበር። ሰውየው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ ለዓመት በዓል ብቻ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዋ አቅፋ ሳመቻትና፣ «አይዞሽ እኅቴ፣ እግዜር የተሻለ ይሰጥሻል» አለቻት። ሰው የሞተባት መስሏት ደነገጠች። ለካ ሰውየው ካገባ ሰንብቷል። ሰፈሩ ያውቃል፣ ትምህርት ቤቱ ያውቃል፣ ሽንኩርት የምትሸጥላት ሴትዮ ሳትቀር ታውቃለች። የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

መተዋቷ አቆሰላት። ከሁሉም ኋላ ማወቋ ግን አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ቀለበቱን አውልቃ ከስፌት ዕቃ ማስቀመጫዋ ውስጥ ጣለችና፣ «ከእንግዲህ ከሰው ሁሉ ቀድሜ አውቃለሁ» ብላ ለራሷ ማለች።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። አስናቀ የሚባል የእንስሳት ሐኪም መጣ። በሞተር ሳይክል ገጠር ለገጠር እየዞረ ከብት የሚያክም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ወደደችው። መውደዷን ባወቀችበት ቀን ፍርሃቷም አብሮ ተነሣ።

ጥሩወርቅ የምትባል ጓደኛዋ በአስናቀ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ በመምህርቷ በር ታልፋለች። ጎራ ትልና ሻይዋን እየጠጣች የትናንቱን ትዘረግፋለች፤ ማን ደወለለት፣ ከማን ጋር ምሳ በላ፣ በየትኛዋ ባልደረባው ቀልድ ሳቀ። ክፉ ነገር አንድም ቀን አልተገኘበትም። መምህርቷን ግን ደግ ወሬም አያሳርፋትም። «እስካሁን ነዋ!» ትላለች በልቧ።

አስናቀ ይህን ደረሰበት። አልጮኸም።

«ጥሩወርቅ የምትነግርሽን እኔ ብነግርሽ ምን ነበረበት?» አላት። «እኔ እኮ ከብት ሳክም ውዬ ስመጣ እጄን ታጥቤ ነው ቤትሽ የምገባው። አንቺ ግን በየቀኑ ‹እጅህን አሳይ› ትይኛለሽ።»

ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ እንዲሠራ በዚያው ሰሞን ተጠይቆ ነበር። «አብረን የምንኖር ከሆነ የትም አልሄድም» አላት። «እንደ እስረኛ የምጠበቅ ከሆነ ግን ብሄድ ይሻለኛል። በዚህ ሳምንት መልስ እሰጣለሁ።» ይህን ብሏት ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

እሷም ወደ አጎቷ ሄደች።

አጎቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን የባልና የሚስት ክርክር ሲሰሙ ኖረው ትዕግሥታቸውን እዚያው ችሎት ላይ ጨርሰው የመጡ ሰው ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የአተር እሸት ሲፈለፍሉ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ስለ መሬት ከሆነ ጠበቃ ፈልጊ። ስለ ባል ከሆነ ጠግቤአለሁ።»

እየተንተባተበች፣ ጫማዋን እያየች ሁሉንም ነገረቻቸው። የቀለበቱን ነገር ጭምር ነገረቻቸው። በመጨረሻም ጥያቄዋን ጠየቀች።

«አንድ ጊዜ የተከዳ ሰው ሁለተኛ እንደማይከዳ በምን ያውቃል? እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ?»

ዳኛው የያዙትን እሸት ሳህኑ ላይ ወረወሩት። «ኤዲያ! ይህን ተረት ስንቴ ሰማሁት! ከሳሽም ይለዋል፣ ተከሳሽም ይለዋል፣ ጠበቃውም ይደግመዋል። ‹ልጡ ምን አጠፋ?› ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አንድም አላጋጠመኝ። ነይ ቁጭ በይ። እሸቱን ፈልፍዪ፤ አፍሽን ያዢ።»

ተቀመጠች። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ከጓሮው ግራር ላይ ቀፎ ሰቅሎ ነበር፤ በዚያም ቀፎ ይመካ ነበር። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስለ ማሩ ያወራል። ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ሲደርስ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ጭሱን ይዞ መሰላሉን ወጣ፤ ክዳኑን ቢከፍት ቀፎው ባዶ ነው። ንቡ ከኮበለለ ሰንብቷል። በቀረው ሰፈፍ ላይ ትል ይርመሰመሳል። ጎረቤቶቹ ባዶ ዕቃቸውን እንደያዙ ከታች ቀሩ። አንዱ፣ «እኔማ መንጋው በደጄ ሲያልፍ አይቼው ነበር፤ አንተ የላክኸው መስሎኝ እኮ ነው!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውየው ንቡን ማጣቱን ይችለው ነበር። ሳቁን ግን አልቻለውም።

በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ቀፎ ሠራ። ከሽመል ጎነጎነ፣ በእበት መረገ፣ በወይራ ጭስ አጠነ፣ ሰቀለ። እግዜር አልጨከነበትም፤ መስከረም ሳይወጣ አንድ መንጋ መጥቶ ገባለት። ጤነኛ፣ ሠራተኛ መንጋ ነው። ሰውየውም፣ «ከእንግዲህስ አልሞኝም» አለ። ማታ ጭሱን ያነዳል፣ መሰላሉን ይወጣል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ ንቦቹን ያያል። አሉ። ይወርዳል። ሲነጋ ደግሞ «ሌሊት ሄደው እንደሆነስ?» ይላል። ይወጣል። አሉ። ይወርዳል።

ልጄ፣ ንብ ጭስ ሲሸታት ቤቷ ሊቃጠል ነው ብላ ያጠራቀመችውን ማር መብላት ትጀምራለች። ለስደት ስንቅ መያዟ ነው። ሰውየው «አላችሁ ወይ?» ብሎ ጭሱን ባስገባ ቁጥር «ተነሡ፣ ሂዱ» እያላቸው ነበር። ይህን አላወቀም። ማሩ ሲጎድል ያያል፤ «የት እያደረሱት ነው?» ይላል። ንቦቹ ሰላም ሲያጡ ይነድፉታል፤ ዓይኑ አብጦ፣ ከንፈሩ ተገልብጦ ይወርድና ሚስቱን፣ «አየሽ? ተንኮል ባይኖራቸው ምን ያስቆጣቸዋል?» ይላታል።

ሚስቱም፣ «አንተ ሰውዬ፣ ንብ ነው የያዝኸው ወይስ ሽፍታ?» ትለዋለች። አይሰማትም።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ንቦቹ ከቀፎው ወጥተው መግቢያው ላይ እንደ ዘለላ ተንጠለጠሉ። ሰውየው ይህን ሲያይ፣ «ይኸው! ብዬ አልነበረም?» ብሎ ጮኸ። በአንድ እጁ ጭሱን፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ ወደ መሰላሉ ሮጠ። አስገብቶ ቀዳዳውን ሊደፍንባቸው ነው።

ሚስቱ ውሃ ይዛ ደረሰችና ጭሱ ላይ ቸለሰችበት። ከዚያ መሰላሉን መሬት ላይ አጋደመችው፤ ላዩም ላይ ተቀመጠችበት።

«ተነሺ!»

«አልነሣም።»

«ይሄዳሉ እኮ!»

«ይሂዱ። ንብ ክንፍ አለው፤ መሄድ ከፈለገ አንተ አታስቀረውም። በአንተ ጭስ ግን ዛሬ አይሄድም። መሰላል መውጣት ሰለቸኝ ስትል አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁህም፤ እኔ ግን ስትወጣ ማየት ሰለቸኝ።»

ሰውየው ተራገመ፣ ተቆጣ፣ ኋላ ደከመውና ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ሲመሽ ንቦቹ ተመልሰው ገቡ። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ሚስቱ ክንዱን ይዛ ከግራሩ ሥር አመጣችው።

«አሁን ከታች ሆነህ እይ። ክዳኑን ሳይሆን ደጁን። እግራቸውን እይ።»

አየ። ንቦቹ ከመስክ ሲመለሱ እግራቸው ላይ ቢጫ ነገር ጠቅልለው ይገባሉ፤ የአበባ ዱቄት ነው፤ ለልጆቻቸው ቀለብ።

«ሊሄድ የተነሣ ቀለብ አያስገባም» አለችው። «ያኔ የሄዱብህ እኮ ባዶ እግራቸውን ነበር የሚገቡት። በዚሁ ደጅ፣ በዓይንህ ሥር። ነገርኩህ፤ አንተ ማር ማር ስትል መቼ ሰማኸኝ?»

 ሰውየው በመጀመሪያው ቀፎ ጊዜ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ ለእንግዳ ስለ ማሩ ሲያወራ፣ ከራሱ በላይ ንቦቹ አንድ ሁለት እያሉ ባዶአቸውን ሲገቡ ትዝ አለው። አይቶ ነበር። ልብ አላለውም ነበር እንጂ።

ዳኛው ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ። ሳህኑን ሳቡና እሸታቸውን መፈልፈል ቀጠሉ። መምህርቷ ጠበቀች፣ ጠበቀችና አላስችል አላት።

«ከዚያስ ጋሼ? ንቦቹ ቀሩ?»

«ምን አልሽ?»

«ቀሩ ወይ... ነው ያልኩት።»

ዳኛው ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ይኸው! አሁንም ልትከፍቺው! እኔ ይህን ሁሉ የለፈለፍኩት ለግንቡ ነው? አልነግርሽም! ሰውየውም በዚያ ጠዋት አላወቀም። ያወቀው የሚያስገቡትን ነው፤ ለዚያች ቀን በቃው።»

አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ሲያዩዋት ድምፃቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ፤ ምሬቱ ግን አልለቀቃቸውም።

«ስሚኝ ልጄ፤ ያ ሰው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያው ሰውሽ ባዶ እግሩን ሲገባ ሲወጣ ከፊትሽ ነበር። ሳምንቱ ወር ሲሆን፣ ወሩ ዓመት በዓል ሲሆን፣ አንቺ ቀለበትሽን ታዪ ነበር። ይህ ሐዘን ነው እንጂ ጥፋት አይደለም፤ የሚወድ ሰው ማሩን ያያል። የጠላሁት ከዚያ ወዲህ ያመጣሽውን ነው። ያኛው የሄደው ክዳኑን ስላልከፈትሽ መሰለሽ። ይህኛውን ደግሞ ክዳን በመክፈት ልታስቀሪው ነው! ያቺ ጥሩወርቅ የምትያት ጭስሽ ናት። በየጠዋቱ በሻይ ታነጂያታለሽ። ሰውየው ሲያስለው ‹ምን ደብቆ ነው የሚያስለው?› ትያለሽ። ከዚያ ቢሄድ፣ ‹ብዬ አልነበረም?› ልትይ ነው። የዚህን ዓይነት ስንቱን ፈርሜ አፋታሁ መሰለሽ!»

 እሸቱ በእጇ ላይ ቀረ።

«በምን አውቃለሁ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንደማይሄድ አታውቂም። ማንም አያውቅም፤ እኔም ሚስቴን እስክትሞት ድረስ አላወቅሁም። ደጁ ክፍት ነው፤ መቅረት ዋጋ ያገኘውም ደጁ ክፍት ስለሆነ ነው። ይልቅ እኔ ልጠይቅሽ፤ ይህ የከብት ሐኪም ወደ ቤትሽ ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል?»

«ምንም» ልትል ነበር። ከዚያ አሰበች። የተነቀለ የጫማ ተረከዟን ሳትነግረው ወስዶ አስጠግኖ ማምጣቱን አሰበች። የእናቷን የዓይን ጠብታ ሊያልቅ ሲል እሱ እንደሚያስታውስ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር «ጣራሽ አፈሰሰ?» ብሎ እንደሚመጣ አሰበች። ሲዘገይም ሳትጠይቀው የት እንደዘገየ ይነግራታል፤ እሷ ግን ያንን ከጥሩወርቅ ወሬ ጋር እያስተያየች፣ እያጣራች ነበር የምትሰማው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ...»

«ለእኔ አትንገሪኝ!» አሉ ዳኛው። «እኔ ችሎት ዘግቻለሁ። ሂጂ። እሸቱን ግን ጨርሰሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ጥሩወርቅ እንደ ልማዷ መጣች። ዛሬ ግን እየሮጠች ነበር የመጣችው፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

«ሻይ ቅጂልኝ ቶሎ! የዛሬውን ስትሰሚ ቁጭ ብለሽ ይሁን። የዝውውሩን ነገር ትናንት ማታ ለኃላፊው መልስ ሰጠው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ምን አለው መሰለሽ?»

መምህርቷ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።  ከዚያ ሻዩን ቀዳች፤ ጥቂት ከብርጭቆው ፈሰሰ።

«ጥሩዬ፣ ሻይሽን ጠጪ። የልጅሽ ጥርስ እንዴት ሆነ?»

«እንዴ! መልሱን አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ?»

«እሱ ይነግረኛል።»

ጥሩወርቅ አፏን ከፍታ አየቻት። «ምን ነካሽ አንቺ? ጠበል ገብተሽ ነው?» አለች። የያዘችው ወሬ ምላሷ ላይ እያሳከካት፣ ከንፈሯን እያጣመመች ሻይዋን ጨረሰች። መምህርቷ እስከ አጥሩ በር ሸኘቻት፤ ጉንጯን ስማ፣ «ነገም ነይ፤ የልጅሽን ነገር ትነግሪኛለሽ» አለቻት።

ስትመለስ በርጩማ ከቤት አወጣች። ሞተር ሳይክሉ ወደሚመጣበት መንገድ ፊቷን አዙራ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። መንገዱ ላይ ገና ማንም አይታይም ነበር። የአጥሩን በር ግን ወለል አድርጋ ከፍታ ነበር የተቀመጠችው።