ማር የነካው የንጉሡ አውራ ጣት

ኑ፣ ጠጋ በሉ። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ ካንጎላጀህ ለአንተ ስል አልደግመውም።

በድሮ ዘመን፣ ሰው በማለዳ ወጥቶ ባሕሩን «ደህና አደርክ ወይ?» ብሎ በሚጠይቅበት ጊዜ፣ ከባሕር ዳር ዙርባ የምትባል አገር ነበረች።

የዙርባ ንጉሥ ገላው ይባላል። ልቡ ለስላሳ፣ ቃሉ ግን ደረቅ ነበር፤ አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው። አዛዡ ጎንጤ ይባላል። ምላሱ ረጅም፣ ትዕግሥቱ አጭር ነበር። ከባሕሩ በላይ ካለው ኮረብታ ደግሞ አንጓች የምትባል ባልቴት ንብ ታረባ ነበር። አንጓች ብልህ ነበረች፤ ብልህነቷን ግን ዝም ብላ ትሸፍነው ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ ባሕሩ ላይ አንዲት ጀልባ ታየች። ሸራዋ ተቀዷል። ወንዱ፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ ተፋፍጎባታል። ከማዶ አገር ጦርና ረሃብ ተባብረው ያባረሯቸው ሰዎች ነበሩ። የአዛዡ ወታደሮች ከዳር ቆመው፣ ንጉሡ ሳይፈቅድ ማንም እንዳይወርድ ከለከሏቸው።

ጀልባዋም ውሃው ወገብ ከሚደርስበት ላይ ቆመች። ከሥሯ ተሰንጥቃ ስለነበር ውሃ ታስገባለች። እነዚያ ምስኪኖች ውሃውን በቅል እየቀዱ ይደፋሉ፣ እየቀዱ ይደፋሉ።

ንጉሡ ሕዝቡን ሾላው ሥር ሰበሰበ። የዙርባ ሰው ደግሞ ክርክር ሲወድ አይጣል ነው። ምሳውን ይተዋል እንጂ ክርክር አይተውም።

በመጀመሪያው ቀን ከብት የሞላው አቶ ሸዋረጋ ተነሣ። ዝናብ እንደ ከዳቸው፣ ሣሩ ለራሳቸው ከብት እንዳልበቃ፣ እንግዳ ቢጨመር ሁሉም አብሮ እንደሚራብ ተናገረ። አልዋሸም፤ ሣሩ በእውነት ሳስቶ ነበር። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። ፀሐይ ጠለቀች። እነዚያም ውሃውን በቅል እየቀዱ ደፉ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ተነሡ። የመሸበት ሰው የእግዜር እንግዳ ነው፣ አባቶቻችንም በር ዘግተው አያውቁም አሉ። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ግን አባቶቻቸውን አንድ በአንድ ከነሙያቸው ሲቆጥሩ ዋሉ። ሕዝቡ አሁንም ራሱን ነቀነቀ። ፀሐይ ጠለቀች። እነዚያም ውሃውን በቅል እየቀዱ ደፉ።

በሦስተኛው ቀን አዛዥ ጎንጤ ተነሣ። ዛሬ አንድ ጀልባ ብንቀበል ነገ ሁለት ይመጣል፣ ከነገ ወዲያማ ከጀልባው ብዛት ባሕሩም አይታየን አለ። ሕዝቡ ለእሱም ራሱን ነቀነቀ። ምን ያድርግ፣ አንገቱ ለምዶበታል! ፀሐይ ጠለቀች። እነዚያም ውሃውን በቅል እየቀዱ ደፉ፤ አሁን ግን ክንዳቸው ዝሎ ነበር።

በማግሥቱ ንጉሡ ነጋሪት አስጎሰመ። «ከባሕር የመጣ ሰው በዙርባ ዘመድ ካለው ይግባ። ዘመድ የሌለው ግን እግሩ አሸዋዬን አይርገጥ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ በመጣበት ይመለስ።»

ስለ ዘመድ የሚለውን ነገር በንጉሡ ጆሮ ያንሾካሾከው ጎንጤ ራሱ ነው። አማቹ ጨርቅ ሊሸምት ባሕር ተሻግሮ ስለነበር፣ ሲመለስ እንዳይከለከልበት ብሎ ነው። ለራሱ ቀዳዳ ሲያበጅ፣ በዚያው ቀዳዳ ሌላም ሰው ሊገባ እንደሚችል አላሰበም።

ሁሉም ያውቃል፤ ያቺ ጀልባ በዚያ ነፋስ ላይ ወጥታ ማዶ አትደርስም። ግን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ነውና ሁሉም አንገቱን ደፋ።

አንጓች ግን ወደ ቤቷ ገባች። የማር ማሰሮዋን በጀርባዋ አዘለችና ወደ ባሕሩ ወረደች። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። ከጀልባዋ ጫፍ ሰዓዳ የምትባል እናት ጨቅላ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ጥቂት ተነጋገሩ። ሰዓዳ ልጇን አየችው፣ ባልቴቷን አየቻት፣ ከዚያ ልጁን ሰጠቻት።

አንጓች ሕፃኑን ታቅፋ ስትወጣ አንድ ወታደር አገዳት። የዚህ ልጅ እግር አሸዋውን መርገጥ የለበትም አላት።

«እግሩማ ሰማይ ላይ ነው፣ አታየውም?» አለችና አልፋው ሄደች።

ንጉሡ ጀልባዋ ስትሄድ ሊያይ ጥላ ተይዞለት ከዳር ቆሟል። ፊቱ ጠቁሯል። አንጓች እጅ ነሣችና ማሰሮውን ከፊቱ አስቀመጠች። የዘንድሮ የመጀመሪያው ማር ነው፣ እንደ ልማዱ ጃንሆይ ሳይቀምሱት ለሌላ አይደርስም አለችው።

ንጉሡ ደግሞ ማር ሲያይ አያስችለውም። ንግሥቲቱ ስንት ጊዜ «እንደ ልጅ በጣትህ አትብላ» ብትለውም አልሰማም። አውራ ጣቱን ነከረ። ወደ አፉ ሊወስደው ሲል አንጓች ሕፃኑን ጠጋ አደረገችው። ሕፃኑም የንጉሡን አውራ ጣት በሁለት እጁ ያዘና ይጠባ ጀመር።

ባሕር ዳሩ ጸጥ አለ። ለምን ጸጥ እንዳለ ልንገራችሁ።

በዙርባ አንድ የቆየ ልማድ አለ። አንድ ሰው ማር የተቀባ የሌላ ሰው አውራ ጣት በምስክር ፊት ከጠባ፣ የዚያ ሰው የጡት ልጅ ይሆናል። የጡት ልጅ ከሥጋ ልጅ አያንስም። አባቱን ይጦራል፣ አባቱን ይወርሳል፣ አባቱን ይቀብራል። ይህን ያፈረሰ የዙርባ ሰው ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም።

ጎንጤ ዘሎ መጣ። ይህ ማታለል ነው፣ ልማዱ የሚጸናው አባት የሚሆነው ሰው ሲፈቅድ ብቻ ነው ብሎ ጮኸ።

አንጓች ወደ ንጉሡ ዞረች። «አዛዥ እውነታቸውን ነው፤ አታልያለሁ። ጃንሆይ፣ ሦስት ቀን ስንከራከር የዚህ ልጅ እናት ጡቷ ደረቀ። ልጁን ወደ ጣትዎ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ጣትዎን ያልሳቡት ግን እርስዎ ነዎት። አሁንም ይሳቡት፤ ማንም አይከለክልዎትም።»

ነፋሱ መንፈስ ጀምሯል። ጀልባዋ ትወዛወዛለች። ሰዓዳ ከጀልባዋ ጫፍ ቆማ የንጉሡን እጅ ብቻ ታያለች።

ንጉሡ ሕፃኑን ቁልቁል አየው። ማሩ አልቋል፤ ልጁ ግን ጣቱን አልለቀቀም። የንጉሡ ዓይን እንባ ሞላ። ጣቱን ቀስ ብሎ አስለቀቀና... አዎ፣ አስለቀቀው። ሰዓዳም ፊቷን ሸፈነች። ንጉሡ ግን ጎንበስ ብሎ ጣቱን እንደገና ማር ውስጥ ነከረ፤ በገዛ ፈቃዱም ወደ ልጁ አፍ መለሰው።

«ልጄ ነው» አለ። «እናቱም የልጄ እናት ናት፤ ትውረድ። ነገር ግን ቃሌ ቃል ነው፤ ዘመድ የሌለው አይገባም። እኔ ያለኝ ሁለት አውራ ጣት ነው፤ ጀልባዋ ደግሞ ሙሉ ናት። እናንተስ ስንት አላችሁ?»

ይህን ጊዜ ሕዝቡ ራሱን አልነቀነቀም። ማሰሮው ላይ ተረባረበ እንጂ!

መጀመሪያ የገባው ማን ይመስላችኋል? አቶ ሸዋረጋ ነው፣ ያ ሣር የለም ባዩ። ሣሩ አሁንም ሳስቷል፣ ግን ከልጄ ጋር እከፋፈለዋለሁ እያለ ውሃውን እየሰነጠቀ ሄደ። ከኋላው ዓሣ አጥማጁ፣ ሸማኔው፣ አራሿ ሴት፣ ያን ሁሉ አባት የቆጠሩት ሽማግሌም ሳይቀሩ ማር የነካ ጣታቸውን ከማዕበሉ በላይ አንሥተው ገቡ። የጠባ ሁሉ ወረደ። የወረደ ሁሉ ታቀፈ። እልልታው ከኮረብታው ደርሶ ተመለሰ።

በመጨረሻ ጀልባዋ ላይ አንድ ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ብቻ ቀሩ። ከዳር ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ሳይገባ ቀረ። ጎንጤ ነው። ሁሉም ዞሮ አየው።

ጎንጤ ሰማዩን አየ፣ መሬቱን አየ። ከዚያ እያጉረመረመ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ከነካባው ገባ፤ ጣቱን ግን ከማዕበሉ በላይ አላነሣም። አዛውንቱ በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ። ጣቱን ጠባ ጠባ አደረጉና ፊታቸውን ቋጠሩ።

«አባባ፣ ማርህ ጨው ጨው ይላል» አሉት።

ሳቁ እስከ ምሽት አላባራም። ጎንጤም መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አፈረ፣ በኋላ እሱም ሳቀ። አዲሱን ልጁን አዝሎ ወጣ። ባዶዋ ጀልባም ከኋላቸው ሰጠመች።

በዚያ ዓመት የዙርባ ከብት ከሳ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ግን በረሃብ የሞተ ሰው አልነበረም።

ንጉሡ አንጓችን አስጠርቶ ምን ልሸልምሽ አላት። መሬት ልስጥሽ? አልፈልግም አለች። ካባ ልደርብልሽ? አልፈልግም አለች። ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ አላት።

«ጃንሆይ፣ ከእንግዲህ በባሕር ስለመጣ ሰው የሚከራከር ሁሉ፣ ሾላው ጥላ ሥር ተቀምጦ መከራከሩ ይቅር። እዚያው ውሃው ውስጥ፣ እስከ ወገቡ ገብቶ ይከራከር።»

ንጉሡ ሳቀ፤ ነጋሪትም አስጎሰመ።

ቆይቶ ሌላ ጀልባ መጣ። የዙርባ ሰዎች ክርክራቸውን ይወዳሉና ተሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ማዕበል መጣና ደረቱን መታው። ሌላው «አባቶቻችን...» ብሎ ጀመረ፤ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ። ያ ክርክር ምሳ ሳይደርስ አለቀ፤ እንግዶቹም ምሳ ላይ ደረሱ።

ልጆቼ፣ መከራከር ነውር አይደለም። በሰው ነፍስ ላይ ስትከራከሩ ግን ያ ሰው በቆመበት ቁሙና ተከራከሩ።

እንግዲህ እኔ አፌን ልዝጋ፤ እናንተ በራችሁን ክፈቱ።