የጨረቃ ትምህርትና የመጋዘኑ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ከዛሬ ብዙ ባልራቀ ወቅት፣ ሾላ በር በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ነበረ። ትምህርት ቤቱ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ነበረው። ነበረው ስል መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር ማለቴ ነው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ገላው ዕቃው ከመጣበት ቀን ጀምሮ በነጠላ ጠቅልለው አስቀምጠውት፣ ቁልፉን በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞሩ ነበር። አንድ መምህር ሊያስወጣው ሲጠይቃቸው «ማን ይፈርምበታል?» ይላሉ። ይሄኔ መምህሩ የረሳው ጉዳይ ትዝ ይለውና ይሄዳል። የፈረመ ሰው ዕቃው ቢሰበር ተጠያቂው እሱ ነዋ። በዚህ ዓይነት ዕቃው አልተበላሸም፤ ግን አንድም ልጅ አላየውም።

እኔ እንዲህ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነገር ሲያጋጥመኝ ዕቃውን ትቼ ሰዎቹን ነው የምጠረጥር። አቶ ገላው ደግሞ ከእኔ ይብሳሉ። ከእሳቸው በቀር ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሌባ ነው ብለው ያምናሉ፤ አንዳንዴ ራሳቸውንም የሚጠረጥሩ ይመስለኛል፤ ቁልፉን በየሰዓቱ ይዳስሱታል።

አንድ ቀን ከወረዳ ሱፐርቫይዘሯ ወይዘሮ እማዋይሽ መጡና መጋዘኑን አስከፈቱ። ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩ።

«ይሄ የተሰጠው ለልጆቹ ነው ወይስ ለነጠላው?» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ፈንታሁን አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ እማዋይሽም ፍርዳቸውን ተናገሩ። ከወር በኋላ መኪና ይዘው ይመጣሉ። በዚህ ዕቃ የተሰጠ አንድ ትምህርት ቁጭ ብለው ያያሉ። ልጆቹ ከተማሩበት ቁልፉ ከአቶ ገላው አንገት ወርዶ ለአንድ መምህር ይሰጣል፤ ካልተማሩበት ዕቃው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

«አንድ መምህር ብቻ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«አንድ ብቻ። ሁለት ስም ከተጻፈ እሱ ያውጣው፣ እሷ ታውጣው ሲባባሉ ተመልሶ ነጠላ ይለብሳል።»

የተመረጠው ክፍል ሰባተኛ ነበር፤ ትምህርቱም የጨረቃ ቅርጽ ለምን ይለዋወጣል የሚለው። የተመረጠበት ምክንያት አለው። ከአብዛኞቹ ልጆች መጽሐፍ የጨረቃው ገጽ ተገንጥሏል። እንጉዳይ የምትባል አንዲት ተማሪ ስለ ጨረቃ ጠይቃ «መጽሐፉ ላይ አለልሽ» ተብላ ነበር። ገልጣ ስታየው ገጹ የለም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጨረቃ ጠይቃ አታውቅም። ክፍሉን የሚያስተምሩት የሳይንስ መምህራን ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ገቡበት።

የመጀመሪያዋ መምህርት ውዴነሽ ናት። ውዴነሽ ማሽን አትወድም፤ ስልክ ከመደወል ሌላ ሥራ እንዳለው የምታውቅም አይመስልም። ማቀድ ግን ታውቃለች። ሌላው መምህር ያምናውን ዕቅድ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ለፊርማ ሲያቀርብ፣ እሷ ከባዶ ወረቀት ትነሳለች። አሁንም «ይሄ ማሽን ምን ይችላል?» ብላ አልጀመረችም። «ልጆቹ ሲወጡ ምን ማወቅ አለባቸው?» ብላ ጀመረች። መልሱን ፍለጋ ወደ ራሳቸው ወደ ልጆቹ ሄደች። ገሚሶቹ ጨረቃ የምትጎድለው ደመና እየጋረዳት ነው አሏት። ሌሎቹ የምድር ጥላ እየወደቀባት ነው አሉ። ይሄን ማን ነገራችሁ ስትል «ቲቸር ናቸው» አሏት፤ የትኛው ቲቸር እንደሆነ አልጠየቀችም። ከዚያ ዕቅዱን ጻፈች። በፕሮጀክተሩ የሚታየው ፊልም ግማሽ ጨረቃ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ልጆቹ ቀጥሎ የምትመጣውን ጨረቃ ይስላሉ፤ ለምን እንደዚያ እንደሳሉ ለጓደኛቸው ይናገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፊልሙ ይቀጥላል። ሾላ በርንም ስለምታውቅ «መብራት ቢጠፋ» የሚል ክፍል ጨመረችበት፤ መስኮት ይከፈታል፤ ለየልጁ እርሳስ ላይ የተሰካ ሎሚ ይታደላል። ሎሚውን ከግቢው ዛፍ ለቅማ በከረጢት አስቀመጠች።

ሁለተኛው መምህር አንዳርጌ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣ፣ ማሽን እጁ ውስጥ ሲገባ ምሳውን የሚረሳ ልጅ። አቶ ገላው እጁን በሳሙና አስታጥበውት፣ አጠገቡ ወንበር ስበው እየጠበቁት ነበር ላፕቶፑን የነካው። ዕቃው ውስጥ ስለ ጨረቃ የተዘጋጀ ፊልም አገኘ፤ ቋንቋው የውጭ፣ ተናጋሪውም የሚቸኩል። አንዳርጌ ራሱ ተማሪ ሳለ በቴሌቪዥን ከሚሮጥ አስተማሪ ኋላ ሮጦ ደክሞታልና ፊልሙን ተወው። የራሱን ሊሠራ ተነሳ። ወሩን ሙሉ ጨረቃዋን ከትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር በላይ እያየ በስልኩ አነሳት፤ ስትሞላ በየምሽቱ፣ ስትጎድል ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ። የዘበኛው ሚስት «ይሄ ልጅ የሚያነሳው ቤታችንን ነው» ብላ ከሰሰችው። ሥዕሎቹን ማሳየት ግድ ሆነበት፤ እሷም አይታ፣ አሁንም ሳታምነው ሄደች። ሥዕሎቹን ገጣጠማቸው፤ ምድርና ጨረቃ ሲዞሩ የሚያሳይ ነገር ሠርቶ ጨመረባቸው፤ በራሱ ድምፅ በአማርኛ ተረከላቸው። እውነቱን ለመናገር የሚያምር ሥራ ነው።

ሦስተኛው ጋሽ ጥጋቡ ናቸው፤ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት። ጋሽ ጥጋቡ ዕቅድ አይጽፉም፤ ያምናውን ዕቅድ ቀኑን ብቻ የሚቀይሩት እሳቸው ናቸው። ማሽንም አይነኩም። ልጅ ግን ያውቃሉ። የትኛው ሰሌዳው እንደማይታየው፣ የትኛው ያልገባውን በሳቅ እንደሚሸፍን፣ የትኛው ምሳ ሳይበላ እንደመጣ ፊቱን አይተው ይነግሯችኋል። ወሩን ሙሉ ምንም ሲሠሩ አልታዩም። የእርስዎ ድርሻ ምንድን ነው ሲባሉ «እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ» አሉ። ለሁለቱ ግን አንድ ነገር ነገሯቸው።

«እንጉዳይን እዩዋት። አንዴ እጇን ታነሳለች። ካላያችኋት ሁለተኛ አታነሳም።»

ሁለቱም እሺ አሉ። ጋሽ ጥጋቡ በትምህርቱ ቀን ማልደው መጥተው ከኋላ ወንበር ያዙ። ወንበራቸው ፕሮጀክተሩ የተሰካበት ሶኬት አጠገብ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቀኑ ደረሰ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆመች። ክፍሉ እንዲጨልም መስኮቶቹ በጋቢና በማዳበሪያ ተሸፈኑ። ወይዘሮ እማዋይሽና ርዕሰ መምህሩ ከፊት ተቀመጡ፤ አቶ ገላው ዕቃቸው ሲነካ ማየት አላስችል ብሏቸው ቀጥሎ ባለው መጋዘን በር ላይ ቆሙ። አንዳርጌ ፊልሙን ሲያስነሳ ግድግዳው ላይ የገዛ ታንከራቸው መጣ፤ ከላዩ ቀጭን ጨረቃ። ልጆቹ «የኛ ታንከር!» ብለው ተንጫጩ። ወይዘሮ እማዋይሽ ፈገግ አሉ። ርዕሰ መምህሩም እሳቸውን አይተው ፈገግ አሉ።

ግማሽ ጨረቃ መጣች። በዕቅዱ መሠረት ፊልሙ መቆም ያለበት እዚህ ላይ ነው። ውዴነሽ ከጎን ሆና እጇን አነሳችለት። አንዳርጌ አላቆመም። እንግዳዋና ርዕሰ መምህሩ በአድናቆት ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበርና ፊልሙ ቀጠለ። ጨረቃዋ ሞላች፣ ጎደለች፣ ምድር ዞረች፣ ድምፁ ይተርካል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። መጨረሻ ረድፍ ላይ እንጉዳይ እጇን አነሳች። ማንም አላያትም። ትንሽ ቆይታ እጇን አወረደች፤ አገጯንም ዴስኩ ላይ አስደገፈች።

በዚህ መሃል ግድግዳው ጨለመ።

ሁሉም ባንድ ድምፅ «መብራት ጠፋ» አሉ። ሾላ በር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሶኬት የሚያይም የለም። ርዕሰ መምህሩ እንኳ «ይቅርታ፣ እንግዲህ መብራት ኃይል ነው» ብለው እንግዳቸውን ሊያጽናኑ ጀመሩ።

ውዴነሽ ግን ተነስታ ጋቢውን ከመስኮቱ ገፈፈችው። የከሰዓት ፀሐይ በአንድ ጎን ገባች። ሎሚዎቹ ታደሉ። «ፀሐይዋ በመስኮቱ ናት፤ ሎሚው ጨረቃ ነው፤ ምድር የየራሳችሁ ጭንቅላት ነው። ክንዳችሁን ዘርጉና ባላችሁበት በዝግታ ዙሩ» አለቻቸው። ልጆቹ ሎሚያቸውን ከራሳቸው ትንሽ ከፍ አድርገው ይዘው ዞሩ። እየተጋጩ፣ እየሳቁ ዞሩ። ድንገት የእንጉዳይ ድምፅ ተሰማ።

«አልተቆረጠችም እኮ። ሎሚው ሁልጊዜ ግማሹ ብርሃን ነው። የማየው ጎን ነው የሚለያየው።»

«ጥላስ?» አለቻት ውዴነሽ።

«ጥላ አይደለም። ቲቸር፣ ያቺን ግማሽ ጨረቃ መልሱልኝ፤ ቀጥላ የምትመጣውን ልሳላት።»

ወዲያው «መብራት መጣ» ተባለ። አንዳርጌ ግማሽ ጨረቃዋን ግድግዳው ላይ አመጣትና አሁን አቆማት። እንጉዳይ ሰሌዳው ላይ የቀጣዩን ምሽት ጨረቃ ሳለች። ሌሎቹም በየደብተራቸው ሳሉ። ከዚያ አንዳርጌ ቀጣዩን ሥዕል ገለጠው። ከታንከሩ በላይ የወጣችው ጨረቃ እንጉዳይ የሳለቻት ነበረች። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ደስታ በእኔ እንኳ፣ ሁሉን በምጠረጥረው ሰውዬ፣ ተጋባብኝ።

ወይዘሮ እማዋይሽ ብድግ ብለው «ዕቃው እዚሁ ይቀራል። ስሙን ጻፉልኝና ልሂድ» አሉ።

ሁሉም በሰላም ሊያልቅ ነበር። አቶ ገላው ግን ከመጋዘኑ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«የምን መብራት ነው ጠፋ የምትሉት?» አሉ። «የኔ አምፖል ከዚህችው መስመር ነው የሚበራ። ብልጭ እንኳ አላለም።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ ሶኬቱ አየ። ከሶኬቱም ወደ ወንበሩ። ጋሽ ጥጋቡ ሸሚዛቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አሉ። «መልሼ የሰካሁትም እኔ ነኝ።»

የተፈጠረውን ጭቅጭቅ ሁሉ አልነግራችሁም። ሦስቱ ለየራሳቸው ያሉትን ብቻ ልንገራችሁ።

አንዳርጌ እንዲህ አለ፦ «ሥዕሉ ባይኖር እንጉዳይ ምን ትገምት ነበር? ሎሚ ጨረቃ አይደለም። ልክ መሆኗን ያወቀችው በእኔ ሥዕል ነው። እንግዳ ፊት ሶኬት ለሚነቅል ሰው ቁልፍ ይሰጣል?»

ውዴነሽ እንዲህ አለች፦ «የት እንደሚቆም ጽፌ ነበር፤ አላቆመም። ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ጽፌ ነበር፤ የተማሩት በዚያ ነው። ማሽኑንም ሶኬቱንም ትምህርት ያደረገው ዕቅዱ ነው።»

ጋሽ ጥጋቡ እንዲህ አሉ፦ «ልጅቷ እጇን ስታነሳ ያየ ማን ነው? ነግሬያችሁ ነበር። ፊልሙ ሲሮጥ ዕቅዱም አብሮ ሮጦ ነበር፤ እኔ አስቆምኩላችሁ።»

አሁን የእኔን ጥርጣሬ ስሙ፤ ለማንም አላደላም።

ጋሽ ጥጋቡ ዓመቱ ሲጀምር ለርዕሰ መምህሩ «ቁልፉ በዕድሜም ቢሆን የሚገባው ለእኔ ነው» ብለው ነበር። ታዲያ ሶኬቱን ሲነቅሉ ያዩት የልጅቷን እጅ ነው ወይስ የእንግዳዋን ፈገግታ? ቦታውንስ ማልደው መጥተው የያዙት ለምንድን ነው? ለልጅቷ ሲሉ ከሆነ «አንዳርጌ፣ አቁም» ማለት ያቅታቸው ነበር? እሳቸው ሲጠየቁ «እሱ ይሰማኝ ነበር ወይ?» ነው ያሉት።

አንዳርጌ የውዴነሽን እጅ አላየሁም ይላል። ክፍሉ ጨለማ ነበር፤ ይሆናል። ግን የእንግዳዋን ራስ መነቅነቅ በዚያው ጨለማ እንዴት አየው? ወሩን ሙሉ ለልጆቹ ሲል ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ፊልሙን ያሳይ የነበረው ለማን ነው?

ውዴነሽም ብትሆን ከነገሩ ነጻ አትመስለኝም። ማሽን እንደማትወድ ሁሉም ያውቃል። ሎሚው ለየልጁ ተቆጥሮ፣ እርሳስ ተሰክቶበት፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። መብራት ቢጠፋ ብላ ነው ወይስ እንዲጠፋ ፈልጋ? ግድግዳው ሲጨልም ሳትደነግጥ ከሰው ሁሉ ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት። ከጋሽ ጥጋቡ ጋር ተመካክራ ነበር ወይ ቢሏት «እኔ ከሳቸው ጋር ምን አመካከረኝ» ብላ ተቆጣች። ቁጣዋ እውነተኛ ይመስላል፤ እኔ ግን ቁጣ አይቼ አምኜ አላውቅም።

አቶ ገላው ይሄን ሁሉ ሲሰሙ ቁልፉን አንገታቸው ላይ ጨበጥ አድርገው «እንዲህ ከሆነ እኔው ዘንድ ይቆይ» አሉ። ወይዘሮ እማዋይሽ ሰዓታቸውን አዩ። «አንድ ስም። ካልተስማማችሁ ጭኜው እሄዳለሁ» ብለው ወደ መኪናው ወረዱ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። አቶ ፈንታሁን እስክሪብቷቸውን ከፍተው ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ፤ አልጻፉም። ሦስቱ መምህራን አንዳቸው ሌላውን ሳያዩ ቆመዋል።

ከልጆቹ ጋር ወጥታ የነበረችው እንጉዳይ ሎሚዋን እንደያዘች በመስኮቱ ብቅ አለች። እጇን አነሳች። አቶ ፈንታሁን ቀና ብለው «ምንድን ነው?» አሏት።

«መጋዘኑ ነገም ይከፈታል?»

እንግዲህ እስክሪብቶው እናንተ እጅ ላይ ነው። የት መቆም እንዳለበት አስቀድማ ላወቀችው ነው፣ ጨረቃዋን ታንከሩ ላይ ላመጣው ነው፣ ወይስ ሶኬቱን ለነቀሉት? ተከራከሩ፤ ግን አትቆዩ፤ መኪናው ሊሄድ ነው፣ ልጅቷም አንዴ እጇን አንስታለች። ቁልፉ ለማን ይገባል?